አሥራ አንድ እንግሊዞች በጥላዬ ጉሮሮ

ጥላዬ ሚስቱን በቀበረ በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ውስጥ ከተዘጋ አንድ ግሮሰሪ ጀርባ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲዘፍን ታየ። ይህ እውነት ነው። አበደ፣ ሰከረ፣ ድሮም አይወዳትም ነበር የሚለው ግን ሥራ የፈታ አፍ የጨመረው ነው። እኔ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ነበርኩ። እዚያ ምን እንዳደረሰውም አውቃለሁ፤ ያደረስነው እኛ ነን። ማንም ስላልተናገረ እኔ እናገራለሁ።

ጥላዬ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። በሱዳን በኩል መጥቶ እዚህ ሲገባ ያገኘው ሥራ ሰዎች የለገሱትን ዕቃ መለየት ነበር። ትልቅ መጋዘን ነው፤ የሞተ ሰው ልብስ፣ የተፋታ ሰው ሶፋ፣ ያደገ ልጅ አሻንጉሊት በከባድ መኪና ይገባል። የሚሸጠው ወደ ግራ፣ የሚጣለው ወደ ቀኝ። ሠላሳ ዓመት ግራና ቀኝ ሲል ኖረ። ጉልበቱ እዚያ አለቀ፤ ወገቡም ተከተለው።

አንድ ቀን ማሪዬታ ውስጥ ከሞቱ አንድ ሽማግሌ ቤት አራት ሣጥን የሙዚቃ ሸክላ መጣ። ሽማግሌው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበሩ አሉ። አለቃው ሽፋኖቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና "ማንም የማያውቃቸው ናቸው፣ ወደ ቀኝ" አለ። ጥላዬ ሊጥላቸው ሲያነሣ የአንዱ ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶ አየ። አሥራ አንድ ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመዋል። ያላቸው ጃንጥላ ሁለት ነው፤ መሣሪያዎቻቸውን ሥሩ ከትተው ራሳቸው ይበሰብሳሉ። "እንዲህ የሚያደርግ ሰው መጥፎ ነገር አይጫወትም ብዬ ነው" ይላል ለምን እንዳነሣቸው ሲጠየቅ። አስፈቅዶ አራቱንም ሣጥን ቤቱ ወሰደ።

የእንግሊዝ ጃዝ ነው። በፈረንጆቹ ስድሳዎቹና ሰባዎቹ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ሆነው የሚሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ ቀን አስተማሪ፣ ፖስታ አመላላሽ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሥራ በኋላ ተጫዋች። ከሸክላዎቹ አንዱን የሠሩት ከከሰል ማዕድን ከተማ የመጡ ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ትራምፔቱና ትሮምቦኑ እንደ ቀብር ሰልፍ ይጀምሩና ሳታስበው ትከሻህን ያንቀሳቅሱታል። ሌላው ላይ ፒያኖ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ቤዝ እርስ በርሳቸው እንደ አሮጌ ጎረቤቶች ይነታረካሉ። ጥቂት መቶ ቅጂ ይታተማል፣ መጠጥ ቤት ውስጥ በእጅ ይሸጣል፣ የቀረው ምድር ቤት ውስጥ ይሻግታል። አሜሪካኖቹ "ከኛ የተኮረጀ ነው" ብለው አልሰሙትም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ጊታር ወደሚጮህበት ሮጡ። ሰው የተመሰገነውን ብቻ ነው የሚሰማው። አንዱ ጥሩ ነው ካለ በኋላ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል፤ ቀድሞ ጆሮ የሚሰጥ የለም። ይሄ ያናድደኛል። በሙዚቃ ብቻ አይደለም የሚያናድደኝ።

ጥላዬ ሰማቸው። አሰማሙ ደግሞ የራሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሸክላውን ያስቀምጥና አንድ መሣሪያ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተላል። ይህን ቅዳሜ ትሮምቦኑን፣ የሚቀጥለውን ሁለተኛውን ትራምፔት፣ ከዚያ ባሪቶን ሳክስፎኑን። "ፊት የቆመውን ሁሉም ሰምቶታል። ከኋላ የተቀመጠውንስ ማን ይስማው?" ይላል። እንግሊዝኛ የተማረውም ሽፋኖቹ ጀርባ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ ሐኪም ጉልበቱን እንዴት እንደሚያመው ሲጠይቀው "ሪስትሬይንድ ነው፣ ግን በጣም ፐርሲስተንት" አለው፤ ቁጥብ ግን የማይለቅ ሕመም ለማለት ነው። ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች።

ሚስቱ አበዛሽ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ጽዳት ትሠራ ነበር።

"እንግሊዞችህን ዝም አሰኛቸው፣ ልተኛ ነው" ትለዋለች ጠዋት ስትገባ።

"እነሱም እንዳንቺው ከሥራ ነው የመጡት።"

"ታዲያ ቤታቸው ሄደው አይተኙም?"

ይቀንሰዋል። አያጠፋውም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ያ የጃንጥላው ሸክላ ከሁሉም ይበልጥበታል። ቡድኑ ኖርዝጌት ኢለቨን ይባላል፤ ሸክላው ላይ ሰባት ዜማ አለ። ስሚርና የምትኖረው ጠበቃ ልጁ ራኬብ ባለፈው ዓመት ሽፋኑን ፎቶ አንሥታ ሰብሳቢዎች የሚገናኙበት ገጽ ላይ ለጠፈችው። በሰኔ ቶማስ የሚባል እንግሊዛዊ ጻፈላት። የተረሱ ሸክላዎችን ፈልጎ እንደገና የሚያሳትም ሰው ነው። የዚህኛው ዋና ቴፕ በጎርፍ ጠፍቷል፤ ኖታው ይጫወቱበት የነበረው ክለብ ሲዘጋ ተጥሏል፤ ሦስት ዓመት ፈልጎ ያገኘው ደህና ቅጂ የጥላዬ ብቻ ነው። ከአሥራ አንዱ በሕይወት ያለችው አቀናባሪዋ ዶሪን ብቻ ናት። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው።

"አባ፣ እዚሁ ሪኮርድ ላድርገውና በኢሜይል ልላክለት" አለችው ራኬብ።

"በስልክ? ይሄ በስልክ የሚቀዳ ነገር ነው?"

ግትር ነው፤ ይህን አልደብቅለትም። ሸክላውን ራሱን ሊልክ በሁለት ወፍራም ካርቶኖች መሀል አድርጎ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። አድራሻ ሳይጽፍበት አበዛሽን ሆስፒታል አስገቡ። ሁለት ሳምንት አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። በነሐሴ መጀመሪያ ሞተች። እሽጉ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

እድራችን ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ ይህን አልክድም። ጥላዬና ራኬብ ከሆስፒታል ሳይመለሱ ቤታቸው ሞልቶ ነበር። ሊቀመንበራችን መክብብ የሦስት ከባድ መኪናዎች ባለቤት ነው፤ ሰውንም እንደ ጭነት ነው የሚያዘው።

"ሳሎኑን ባዶ አድርጉት! ሶፋውን አውጡ! ቴሌቪዥኑን አውጡ! ያ መደርደሪያ ምንድነው?"

"ሸክላ ነው" አልኩ እኔ።

"በዚህ ዘመን? አውጡት!"

ሁሉም ወደ ጋራዥ ሄደ። ስልሳ ታጣፊ ወንበር ገባ። ጥላዬ ሲመጣ ጥግ ላይ ጋቢ አልብሰን አስቀመጥነው። ዕቃውን የት እናድርገው ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሐዘንተኛ አይጠየቅም፤ ይህን ደግነት ነው እንላለን። ሸክላዎቹን አጋድመን ቆለልናቸው፤ በላያቸው የውሃ ካርቶን ጫንን። ጋራዡ ወደ ምዕራብ ያያል። የነሐሴን የአትላንታ ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ ሰው መቆም አይችልም።

በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሴቶቹ ከምድጃ የወረደ ትልቅ ድስት ምስር አስረከቡን፤ ፍልሰታ ስለነበር። እኔና መክብብ በጨርቅ ይዘን ወደ ጋራዥ ገባን።

"ፍሪዘሩ ላይ!" አለ መክብብ።

"ክዳኑ ይቀልጣል።"

"የሆነ ነገር አንጥፍበታ! እጄ ተቃጠለ እኮ!"

በአንድ እጄ ድስቱን እንደያዝኩ፣ በሌላው ግድግዳው ሥር ያየሁትን ጠፍጣፋ ካርቶን ሳብኩና ፍሪዘሩ ላይ ጣልኩት። ድስቱን አስቀመጥንበት።

"ጎበዝ" አለኝ መክብብ።

ጎበዝ። ይሄን ቃል ከዚያ ወዲህ መስማት አልችልም።

በስምንተኛው ቀን ወንበሮቹ ተጭነው ሄዱ፤ እኔ ዕቃ ለመመለስ ቀረሁ። ካርቶኑን ከፍሪዘሩ ላይ ሳነሣ ዙሪያው ላይ ያለውን ፕላስተር አየሁ። ቆሻሻ ካርቶን ማንም በፕላስተር አያሽግም። ከፈትኩት። ሸክላው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ታጥፏል፤ መሀሉ ላይ የድስቱ ቂጥ ክብ ሆኖ ታትሟል። ሽፋኑ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ሰዎች ዘይት ጠጥተዋል።

ይዤው ገባሁ። ጥላዬ በባዶው ሳሎን ወለል ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል።

"ጥላዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም።"

"ምስር ነው። ማክሰኞ ቀን፣ አንተና መክብብ። የጋራዡ በር ክፍት ነበር እኮ፣ ዳኛቸው። ከተቀመጥኩበት ይታያል።"

ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ።

"አይተህ ዝም አልክ?"

"ልነሣ ነበር። የእድሩ ፀሐይነሽ አጠገቤ ነበረች፤ ክንዴን ያዘችና 'አይዞህ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ' አለችኝ።" ፍራሹን በእጁ ዳበሰ። "አለቀስኩላት።"

"አንድ ቃል ብትናገር እኮ..."

"ሚስቴ ሞታ ስለ ሸክላ ልጩህ? ምን ትሉኝ ነበር? አንተስ ምን ትለኝ ነበር?"

ምን እንደምለው አውቃለሁ። እብድ እለው ነበር። ወጥቼ ለፀሐይነሽ እነግራት ነበር፤ እሷም ለሁሉም። ስልሳ ሰው ሳሎኑን ሞልቶ ሲያጽናናው አንድ ቃል የሚናገርበት ቀዳዳ አልተውንለትም። ይህንን ነው ደግነት የምንለው።

የቀሩትን ሸክላዎች አንድ ባንድ እያነሣ ወደ ብርሃን አደረጋቸው። ከስልሳ ሁለቱ እንግሊዞች ሠላሳ ዘጠኙ ተጣመው ነበር። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አልተሳደበም። ሲጨርስ ፍራሹ ላይ ተጋደመ፤ ሁለት ቀን አልተነሣም።

ለቶማስ የጻፈችው ራኬብ ናት። መልሱ ሲመጣ እኔም ነበርኩ፤ ከስልኳ ላይ እያነበበች ተረጎመችልን። ቶማስ ለዶሪን ነግሯታል። እሷም ያ ሰውዬ ዜማዎቹን የሚያስታውስ ከሆነ የእያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻው ያዚምልኝ፣ እኔ ኖታውን እጽፈዋለሁ ብላለች። ኖታው ከተገኘ ሌሎች ሰዎች ሊጫወቱት ይችላሉ። ግን ዐይኗ እየጠፋ ነው። አሁን የምትጽፈው ትልቅ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ነው፤ ሐኪሟ የሰጣት ጊዜ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።

"አባ፣ ላይክ፣ ታስታውሰዋለህ? አሥራ አንዱንም?"

ጥላዬ ግድግዳውን አየ።

"ሁሉንም።"

"ኦ ማይ ጋድ። ኦኬ። አሁኑኑ እንጀምር፣ ስልኬ ቻርጅ አለው።"

"አርባዋ ሳይወጣ?"

ልጅቷ ስልኳን አወረደች። እዚህ ያደገች ናት፤ ሆኖም ይህንን ታውቃለች። በሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ሰውየው ራሱ አፉን ከፍቶ ሊዘፍን?

"እማዬ ምንም አትልህም ነበር" አለችው ቀስ ብላ።

"እሷማ አትልም።"

አምስት ቀን አሰበበት። ቀን ወደ ሥራ ተመልሶ ልብስ ሲለይ ይውላል፣ ሲመለስ ለሐዘን የሚመጣ ሰው ይጠብቀዋል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ደወለልኝ።

"ዳኛቸው፣ ከግሮሰሪው ጀርባ ና። ቤት ውስጥ አልዘፍንም። እሷ በተኛችበት ቤት አልዘፍንም። ሴትዮዋ ደግሞ አርባ ቀን የላትም።"

ሞተሩን አጠፋው፤ የኤሲው ድምፅ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ። መስኮቶቹን ዘጋ። ስልኩን መሪው ላይ አስደገፈና በእንግሊዝኛ "የመጀመሪያው ዜማ፣ ሁለተኛ ትራምፔት" ብሎ ጀመረ። ድምፁ መልካም አይደለም። ትራምፔቱን በአፍንጫው፣ ቤዙን ከደረቱ፣ ትሮምቦኑን ከንፈሩን አሹሎ። ተጫዋቹ ዝም በሚልበት ቦታ እሱም ዝም ይላል፤ በጣቱ ጭኑን እየመታ ይቆጥራል፤ ልክ ሲደርስ ይገባል። ላቡ ይንጠባጠባል። ሲስት "ይቅርታ፣ እንደገና" ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ደስታ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ አላየሁም። መጋዘኑ ውስጥ እንደሚሠራው ነው የሠራው፤ አንዱን አነሣ፣ አየ፣ አስቀመጠ፣ ሌላውን አነሣ። ለአንድ ዜማ አሥራ አንድ ጊዜ።

ሁለተኛው ዜማ ላይ መስኮቱ ተንኳኳ። መክብብ ነው። አንድ ሰው አይቶ ደውሎለት ነው የመጣው። ጥላዬ በሩን ከፈተ።

"ምን እያደረግህ ነው፣ ወንድሜ?"

"እየሠራሁ ነው።"

"ሰው ሲዘፍን ሰማሁት አለኝ። ውሸት ነው ብዬ ተሟገትኩልህ እኮ!"

"ውሸት አይደለም።"

"አርባዋ ሳይወጣ? ሃያ ሁለት ቀን መታገሥ አቃተህ? ሰው ምን ይላል? ኮሚቴው ምን ይላል?"

እኔ አልቻልኩም። "ኮሚቴው ገደል ይግባ!" አልኩ። "ይሄ ሰው እዚህ የተቀመጠው ባንተ ድስት ነው!"

"የቱ ድስት?"

እውነቱን ነው፤ ረስቶታል። አስመስሎ አይደለም። ፊቱን አየሁት፤ ምንም የለበትም። እኔ አሥር ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበትን ነገር እሱ እጁን ከታጠበ በኋላ አላሰበውም።

ጥላዬ ድምፁን ሳያነሣ ነው የመለሰለት። "መክብብ፣ ሳሎኔን ባዶ ስታደርግ አልጠየቅኸኝም። አሁንም አትጠይቀኝ። ወይ ግባና ተቀመጥ፣ ወይ በሩን ዝጋው፤ ሴትዮዋ ጊዜ የላትም።"

መክብብ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ገባ፤ መኪናው በክብደቱ ዝቅ አለ።

"ስንት ደቂቃ ነው?"

"አራት።"

ጥላዬ አራት ደቂቃ ሙሉ የሦስተኛውን ሳክስፎን ድርሻ አዜመ። አብዛኛው አንድ ድምፅ ነው፤ ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ከሥር ይዞ የሚቆይ። ብቻውን ሲሰማ ምንም አይመስልም። ሲያልቅ መክብብ ግንባሩን ጠረገ።

"ይሄው ነው?"

"ይሄ የአንዱ ድርሻ ነው። አሥር ሌሎች አሉ።"

"እና ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?"

"ለዚህ ነው።"

መክብብ ወጣ። ለማንም አልናገርም ብሎ ነበር፤ በማግስቱ ስሚርናም ማሪዬታም ሰምቶት ነበር። ለቅሶ መድረስ የሚገባቸው አንዳንድ ሰዎች መምጣት ተዉ። ጥላዬ አልጠየቃቸውም። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ከግሮሰሪው ጀርባ ይመጣል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ያዜማል፣ ራኬብ ማታ ትልከዋለች። በመሀል የእድሩ ስብሰባ ነበር፤ እጄን አውጥቼ የሐዘንተኛ ዕቃ ከመነካቱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ የሚል ደንብ ይጻፍ አልኩ። ሳቁ። አንዱ "ሐዘንተኛን ስለ ሶፋ ጠይቀው ልትለን ነው?" አለ። አዎ፣ ልላችሁ ነው! ስለ ሶፋውም፣ ስለ መደርደሪያውም፣ ግድግዳ ስለተደገፈው ካርቶንም። ቃለ ጉባኤው ላይ እንኳ አልሰፈረም።

አራተኛው ዜማ ላይ ክላሪኔቱ ጠፋበት። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አቆመ። ያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ አበዛሽ ከሥራ እየገባች ታወራ ነበርና በደንብ ሰምቶት አያውቅም። ስልኩ ውስጥ በእንግሊዝኛ "ይህን አላውቀውም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ቦታውን በቁጥር ብቻ አለፈው። ዶሪን ያንን ራሷ ሞላችው አሉ።

አርባዋ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው የቶማስ መልእክት መጣ። ዶሪን አምስቱን ዜማ ጽፋ ጨርሳለች። ስድስተኛው ገና ሳይላክላት መስመሮቹ አልታይ አሏት፤ እስክሪብቶውን አስቀምጣለች። አምስቱን የሚጫወቱ ሰዎች ቶማስ እየፈለገ ነው፤ እስካሁን አራት አግኝቷል።

ራኬብ አንብባ ስትጨርስ አባቷን አቀፈችው። ጥላዬ የሥራ ጫማውን ማውለቅ ጀምሮ ነበር፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን ትቶት ተቀመጠ።

"ሁለቱ ቀሩ" አለ።

"አምስቱ ግን ዳኑ፣ አባ።"

"አምስቱ ዳኑ።"

እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ እንደተሰነጠቀ ዕቃ ሆኗል።

"አንተ ደግሞ ሁለቱንም ቅዳቸው ልትለኝ ነው የመጣኸው።"

"አዎ።"

"የሚጽፍ የለም እኮ።"

"ይገኛል።"

"ማን?"

ማን እንደሚገኝ አላውቅም። እኔ ኖታ አላነብም። ከእድራችን ውስጥ የሚያነብ ካለ እስካሁን አልተናገረም። ሰውየው ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ሙሉ ዜማ፣ የሃያ ሁለት ሰው ድርሻ፣ ከእሱ በቀር የትም የለም። ይህንን ልለው አፌን ከፈትኩና ፊቱን ሳይ ዘጋሁት። በጉሮሮው ውስጥ ያለውን ከኔ የበለጠ ያውቀዋል።

ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ። ዐይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"ዛሬ አልችልም" አለ። "ቅዳሜ ና። ውሃ ይዘህ ና።"